በአንድ ማሳ ላይና ታች የብረትና የማንጋኒዝ መጠን ለምን ይለያያል?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ዳር ከኮረብታ ወገብ እስከ ጅረት የሚወርድ የቡና ማሳ አለኝ። የላይኛው ቀይ አፈር ሲሆን፣ የታችኛው ግን ግራጫ ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ሁለቱንም ባስመረምር የላዩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4.9፣ የታቹ 5.6 ሆኖ፣ ተክል ሊወስደው የሚችለው ብረትና ማንጋኒዝ ከታች በጣም በዝቶ ተገኘ። ቀይነቱ ከብረት የመጣ ነው ሲባል ስለሰማሁ ውጤቱ ግራ አጋብቶኛል። በመኪናው መንገድ ዳር ደግሞ ዚንክና እርሳስ ከፍ ብለዋል። አፈሬ ተበክሏል ማለት ነው?

የመጀመሪያው መላሽ፦
የሰሙት ትክክል ነው፤ ሆኖም በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረትና ሥር ሊደርስበት የሚችለው ብረት የተለያዩ ናቸው። የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ሲሆን፣ ብርቱው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዚየምን አጥቦ ሲወስድ ብረትና አልሙኒየም በኦክሳይድ መልክ፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው፣ ቀርተዋል። ይህ ኦክሳይድ በቀላሉ አይሟሟም። ከታች ግን ውኃ ሲተኛ አየር ስለሚጠፋ፣ ባክቴሪያዎች ማንጋኒዙን ቀድመው፣ ብረቱንም ተከትለው ወደሚሟሟ መልክ ይለውጧቸዋል። በበጋ ቆፍረው ቢያዩ በግራጫው መሐል ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ያገኛሉ።

ሁለተኛው መላሽ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የላዩ ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ የሚሟሟ አልሙኒየም ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ፎስፈረስ በብረትና በአልሙኒየም ኦክሳይድ ተይዞ ይቀራል። ቡና አሲድን በመጠኑ ቢታገሥም በመሐል በቆሎ ወይም ባቄላ ከዘሩ ጉዳቱ ፈጥኖ ይታያል። አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ በግምት አይበተንም፤ አስቀድመው የአሲዱን መጠን በላቦራቶሪ ያስለኩ።

ሦስተኛው መላሽ፦
የመንገዱ ጉዳይ ሌላ ነው። ዚንክ ከጎማ ብናኝና ከዛገ ቆርቆሮ ሊመጣ ይችላል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ቢቀርም፣ ያኔ የወረደው እርሳስ ከብስባሽና ከኦክሳይድ ጋር ተጣብቆ በአፈሩ ገጽ ላይ ለዘመናት ይቆያል። ስለዚህ ከላይኛው 5 ሴንቲ ሜትርና ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለየብቻ ናሙና ይውሰዱ፤ መጠኑ ወደ ታች እየቀነሰ ከሄደ ከላይ የወረደ መሆኑን ይጠቁማል፣ ካልቀነሰ ግን አፈሩ የተገኘበትን ድንጋይ ይጠርጥሩ። የተለካው ጠቅላላ መጠን ይሁን ወይም ተክል የሚወስደው ብቻ፣ ላቦራቶሪውን ይጠይቁ፤ ሁለቱን ማወዳደር ከንቱ ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በመንገዱ ዳር ጎመን ተክያለሁ፤ መብላት ይቻላል?

ሦስተኛው መላሽ፦
ውጤቱ እስኪታወቅ ይቆዩ። እርሳስ ወደ ሰው የሚደርሰው ከሥር ይልቅ በቅጠሉ ላይ ባረፈው አቧራ ስለሆነ፣ ጎመኑን ከመንገዱ ቢያርቁትና ደጋግመው ቢያጥቡት ይሻላል። ቡናው እዚያው ይቆይ።