ለተጫዋቹ የሚስማማ ክላርኔት፦ ጥቆማ

ክላርኔት ሊገዛ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ስም እንደሚሻል ነው። እኔ ግን ከስሙ በፊት የተጫዋቹ እጅ፣ ያለበት ደረጃና የሚጫወትበት ስፍራ ቢታዩ እላለሁ፤ አንዱ የሚያመሰግነው መሣሪያ ሌላውን ከልምምድ ሊያርቀው ይችላልና።

ጀማሪ የሚያስፈልገው የቢ ፍላት ክላርኔት ነው። የቁልፎቹ አሠራር 17 ቁልፍና 6 ቀለበት ያለው የቦህም ሥርዓት ቢሆን ይበጃል፤ በጀርመንና በኦስትሪያ የተለመደው የኦህለር ሥርዓት የጣት አያያዙ ስለሚለይ፣ አስተማሪው ራሱ በእርሱ የሚጫወት ካልሆነ አልጠቁመውም።

የእጅ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዋና ዋናዎቹ ቀዳዳዎች በጣት ሥጋ የሚደፈኑ በመሆናቸው፣ የቀኝ እጅ ቀለበት ጣት ጥቂት ቢንሸራተት እንኳ ድምፁ ያፏጫል፤ ክብደቱም የሚያርፈው በቀኝ አውራ ጣት ላይ ነው። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ሳይጨነቅ መድፈን ለማይችል ትንሽ ልጅ፣ እስኪያድግ ድረስ የኑቮን ቀላል የፕላስቲክ ክላሪኔዮ እመርጥለታለሁ። ለአዋቂም ቢሆን የአውራ ጣት መደገፊያው ከፍና ዝቅ የሚል ቢሆን መልካም ነው።

ከፕላስቲክና ከእንጨት የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ለጀማሪና ደጅ ለሚጫወት ሰው ያለ ማመንታት ፕላስቲክን እጠቁማለሁ፤ ሙቀትና ድርቀት አይሰነጥቁትም። ያማሃ ዋይ ሲ ኤል 255 እና የቡፌ ክራምፖን ፕሮዲጅ ከዚህ ወገን ናቸው። አስተማሪው ተማሪው ድምፁን መግራት እንደ ጀመረ ሲመሰክር፣ ከግሬናዲላ እንጨት ወደሚሠሩት፣ ለምሳሌ ወደ ያማሃ 450 ወይም ወደ ቡፌ ኢ 11 መሻገር ይቻላል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው የቡፌ አር 13 የብዙ ባለሙያዎች ምርጫ ቢሆንም ለጀማሪ አያስፈልግም። አዲስ የእንጨት ክላርኔት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ለአጭር ጊዜ ብቻ ሊነፋና ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ውስጡ ሊደርቅ ይገባል።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ፣ ከውድ አካል ይልቅ ጥሩ ማውዝፒስ (በአፍ የሚያዘው፣ ሪድ የተባለው ቀጭን የሸምበቆ ምላስ የሚታሰርበት ጫፍ) ቢገዛ የበለጠ ይጠቅማል። የቫንዶረን 5 አር ቪ ሊር በጫፉና በሪዱ መካከል ያለው ክፍተት 1.1 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ለአዲስ ከንፈር ይቀላል፤ የቢ 45 ክፍተት ወደ 1.2 ሚሊሜትር የሚጠጋ በመሆኑ ሰፋ ያለ ድምፅ ቢሰጥም የጠነከረ ከንፈርና የተረጋጋ ትንፋሽ ይፈልጋል። ሪዱም በጥንካሬ ቁጥሩ ከ2 ወይም ከ2 ተኩል ቢጀመር ይበቃል።

ያገለገለ ክላርኔት ሲገዛ ከመንፋት በፊት መመርመር ይቀድማል። የላይኛውን ክፍል ቀዳዳዎች በጣት፣ አንዱን ጫፍ በመዳፍ ደፍነው በሌላው ጫፍ አየሩን ይምጠጡ፤ አየሩ ለጥቂት ሰከንድ ከያዘ ፓዶቹ (ከቁልፎቹ ሥር ሆነው ቀዳዳ የሚደፍኑት ለስላሳ ልባሶች) ደህና ናቸው፣ ወዲያው ካመለጠ ግን የጥገና ወጪ ይጠብቅዎታል። የታችኛውንም እንዲሁ ይሞክሩ። በእንጨት ላይ፣ በተለይ በላይኛው ክፍል ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ዙሪያ፣ ስንጥቅ እንዳለ በብርሃን ይመልከቱ፤ ሞላዎቹ ሳይዝሉ ቁልፎቹን በፍጥነት መመለሳቸውንም ያረጋግጡ።

በመጨረሻ ሁለት መሣሪያዎች ቢቀሩ፣ ሁለቱንም በአንድ ማውዝፒስና በአንድ ሪድ ያነጻጽሯቸው። ከታችኛው ኢ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይውጡ፤ ከጉሮሮ ኖታዎቹ (ከታችኛው የድምፅ ክልል መጨረሻ ካሉት ከፍ ያሉ ኖታዎች) ወደ ላይኛው መዝገብ፣ ማለትም ወደ ላይኛው የድምፅ ክልል፣ ሲሻገሩ ድምፁ ሳይቋረጥ የሚወጣውን፣ በመቃኛም ሲለካ ከቅኝቱ ያልራቀውን ይምረጡ።