«ዘጠኝ ቀን ብቻ»፦ በናቭራትሪ ሥጋ የሚበላ ዱርጋን አያውቃትም?

ሁግሊ ዳር፦
«በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ሥጋ የሚበላ ሰው ዱርጋን አያውቃትም።» ይህን ያለው ትናንት እዚህ በተለጠፈው ቪዲዮ ላይ ጉጃራት ክልል አህመዳባድ ቆሞ ናቭራትሪን፣ ሂንዱዎች ለእናት አምላካቸው ለዱርጋ የሚያከብሩትን የዘጠኝ ቀን በዓል፣ የሚያስተዋውቀው ወገናችን ነው። ከሥሩ ደግሞ «ግሩም ማብራሪያ» እየተባለ ተጨበጨበለት። ቤንጋል ውስጥ ኮልካታ ለተማርን ሰዎች ይህ ማብራሪያ ሳይሆን ስድብ ነው። ይኸው በዓል እዚያ ዱርጋ ፑጃ ይባላል፤ በዚያ ሰሞን ያ ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ይበላል። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ለእመቤቲቱ አበባ እስኪያቀርቡ ድረስ ብዙዎች እህል አይቀምሱም፤ ከዚያ ሉቺ የሚባል የተጠበሰ ቂጣ በድንች ወጥ ይቀርባል፤ በማግሥቱ ግን የፍየል ሥጋ ለመግዛት የቆመው ሰልፍ ማዕዘን ይዞራል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አያውቃትም? ኩማርቱሊ በሚባለው የሐውልት ሠሪዎች ሠፈር ያሉት ባለሙያዎች በቀርከሃና በጭድ አጽሟን አቁመው፣ በወንዝ ጭቃ ሥጋ አልብሰው፣ በመጨረሻ ዓይኗን የሚስሉላት ለማን መሰላችሁ?

የባሮዳ ምሩቅ፦
ስድብ የሚለው ቃል በዛ። ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው። ጉጃራት ውስጥ ናቭራትሪ ጾም ነው። ስንዴና ሩዝ ትቶ፣ ተራውን ጨው እንኳን በዐለት ጨው ተክቶ በፍራፍሬና በወተት የዋለ ሰው ማታ ወጥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ጋርባ የሚባለውን የክብ ጭፈራ ይጨፍራል፤ ያውም ብዙው በባዶ እግሩ። እንዲህ ያለ ሕዝብ «እኛ እናውቃታለን» ቢል ምን ይፈረድበታል? ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለሚጾም ጎረቤት ሲባል ሥጋ ቤት ዘጠኝ ቀን ብቻ ቢዘጋ ማን ይሞታል?

ሳር ቤት፦
«ዘጠኝ ቀን ብቻ።» እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የደቡብ ዴልሂ ከንቲባም ልክ እንደ አንተ በትሕትና ነበር የጀመሩት። ወደ ቤተ መቅደስ የሚሄዱ ምእመናን ሥጋ ሲያዩ ስሜታቸው ይጎዳል ብለው በበዓሉ ቀናት ሥጋ ቤቶች እንዲዘጉ ለኮሚሽነሩ ደብዳቤ ጻፉ። መደበኛ ትእዛዝ ሳይወጣ ብዙ ሻጮች ፈርተው ዘጉ። ማን ይሞታል ላልከው፣ የዕለት ገቢውን ይዞ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው የሱቅ ኪራዩን ከየት ያመጣል? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው የሆነብኝ።

የባሮዳ ምሩቅ፦
ወንድሜ፣ የምታወራው ስለ ፀደዩ ናቭራትሪ ነው። እኛ የያዝነው የመስከረሙን ነው። ሁለቱን ቀላቅለህ አትፍረድ።

ልበ ሙሉ፦
አመሰግናለሁ፣ ሒሳቡን ቀለል አደረግህልን። በዓመት ሁለት ናቭራትሪ ካለ ዘጠኝ ሲደመር ዘጠኝ አሥራ ስምንት «ብቻ» ይሆናል።

የባሮዳ ምሩቅ፦
ፌዝ መልስ አይሆንም። እኛም አገር በዐቢይ ጾም ልኳንዳ ቤቱ ተዘግቶ ይከርማል። ያን ጊዜ ስለ ኪራይ የሚያለቅስ ሰው አላየሁም።

ሳር ቤት፦
የእኛው ልኳንዳ የሚዘጋው ገዢ ስለሌለው ነው፤ ከንቲባ ደብዳቤ ጽፈውበት አይደለም። አጠገቡ ያለው የሙስሊም ልኳንዳ ደግሞ ክፍት ነው፣ ማንም አይነካውም። አንድ ሰው ራሱ ሲጾምና ሌላውን ሲያስጾም ያለውን ልዩነት አጥተኸው አይመስለኝም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ሁግሊ ዳር፦
ዴልሂ ከተነሣ ቺታራንጃን ፓርክን እንዴት እንርሳ? የቤንጋሎች ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ከካሊ፣ ከዱርጋ አስፈሪ መልኮች ከአንዷ፣ ቤተ መቅደስ አጠገብ ያሉትን ዓሣ ነጋዴዎች ሰዎች መጥተው ሲያስፈራሯቸው የሚያሳይ ቪዲዮ የፓርላማ አባሏ ማሁዋ ሞይትራ አሠራጭተው ነበር። ለካሊ ፍየል የሚታረድላት መሆኑን የማያውቅ ሰው ነው ስለ ንጽሕናዋ ሊያስተምር የመጣው።

የባሮዳ ምሩቅ፦
የገዢው ፓርቲ የዴልሂ መሪዎች በቪዲዮው ላይ ጥርጣሬ እንዳላቸው መናገራቸውንስ ለምን ዘለልከው? ግማሽ ዜና ይዞ መምጣት ልማድህ ሆነ።

ሁግሊ ዳር፦
ግማሹን ያመጣሁት ሌላውን ግማሽ አንተ እንደምታመጣው ስለማውቅ ነው። ወደ ዋናው ነገር ልመልስህ። ቤንጋል ዱርጋን የሚቀበላት ባሏ ቤት ካይላስ ተራራ ከርማ ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት እንደመጣች ሴት ልጅ ነው። ላክሽሚ፣ ሳራስዋቲ፣ ጋኔሽና ካርቲክ አብረዋት ይቆማሉ። ከዓመት አንድ ጊዜ ለምትመጣ ልጅ የትኛው ወላጅ ነው ማዕድ የሚነፍጋት? የጎሽ መልክ ያለውን ጋኔን የገደለችው አስፈሪዋ እመቤት በዚያ ሰሞን የቤት ልጅ ናት። በአሥረኛው ቀን ያገቡ ሴቶች ጣፋጭ ያጎርሷትና ሲንዱር የሚባል ቀይ ዱቄት ይቀቧታል፤ እርስ በርስም ይቀባባሉ፤ ከዚያ ወደ ወንዝ ትሸኛለች። ይህን ያላየ ሰው ስለ ጾም ሊሰብከኝ አይችልም።

የባሮዳ ምሩቅ፦
እኛ ዘንድ እናት ናት፣ ስሟም «አምባ» ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ መብራት ይበራል፤ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ሕዝቡ በዙሪያው እያጨበጨበ ይዞራል። መካከሉ ላይ ያለችው አትንቀሳቀስም፣ የምንዞረው እኛ ነን። እንደ እናንተ ሐውልቷ የሚቆምበት ድንኳን የለ፣ የፊልም አዳራሽ የሚመስል ጌጥ የለ። ስለ ቤንጋል «የሕዝብ በዓል» ስትተርክ ግን የኮልካታውን የሾባባዛር ቤተ መንግሥት ታሪክ እንዴት ዘለልከው? እ.ኤ.አ. በ1757 ከፕላሲ ጦርነት በኋላ ባላባቱ ናባክሪሽና ዴብ ድግሱን ሲያነግሥ እንግዳው ጦርነቱን ያሸነፈው የእንግሊዝ አዛዥ ክላይቭ ነበር ይባላል። ልጅቷ ወደ አባቷ ቤት መጣች ያልከን እንግሊዝ በተቀመጠበት አዳራሽ ነው።

ልበ ሙሉ፦
ይሄ እንኳን ጥሩ ምት ነው። ሁግሊ ዳር፣ ተነሥ።

ሁግሊ ዳር፦
የአንድን ባላባት ድግስ ወስዶ የሕዝብ ታሪክ ማድረግ ነው። ቤንጋል ውስጥ ጉፕቲፓራ በምትባል ቦታ አሥራ ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው የጀመሩት ሥርዓት ነው ወደየሠፈሩ ድንኳን ያደገው። በቤሉር ማት ገዳም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ መነኩሴው ስዋሚ ቪቬካናንዳ ያስጀመሩት ፑጃ አለ፤ በመምህራቸው ሚስት በሳራዳ ዴቪ ፈቃድ እንስሳ አይታረድበትም። ቤንጋል ውስጥ የማያርደውም የሚያርደውም አለ፤ በፍየል ፈንታ ዱባ የሚቆርጥም አለ። አንዱ ተነሥቶ ሌላውን «አታውቃትም» አላለም።

ከዱባይ፦
ሥራ ቦታ ያሉት ኔፓሎች ይህን ክርክር ቢያነቡ በሳቅ ይሞታሉ። ያው የዱርጋ በዓል በእነርሱ ዳሳይን ይባላል፣ አሥራ አምስት ቀን ነው። ፍየል ሳይታረድ ዳሳይን የሚባል ነገር አያውቁም። እዚህ ማረድ ስለማይችሉ ሥጋውን ከሱቅ ገዝተው ያበስላሉ፣ እርጎና ሩዝ በቀይ ቀለም ለውሰው ግንባር ላይ ይለጥፋሉ። ታላቃቸው ለታናናሾቹ ሲለጥፍ እኔንም ጠርተው ለጥፈውልኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሩዝ ከቅንድቤ ሲረግፍ ዋለ። ጾም የሚባል ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልሰማሁም።

ጎልኮንዳ፦
ሃይደራባድ የኖራችሁ የላችሁም እንዴ? በዚሁ ሰሞን የሚከበረውን የአበባ በዓል ባቱካማን ማንም አያነሣም። ሴቶቹ አበባውን በሰፊ ሳህን ላይ ክብ በክብ እየደረደሩ እንደ ጉልላት ከፍ ያደርጉታል፤ ቢጫው ታንጌዱ አለ፣ ነጩ ጉኑጉ አለ። በዙሪያው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፣ በመጨረሻም ኩሬ ላይ ያንሳፍፉታል። ሃይደራባድ ያለችበት ቴላንጋና እ.ኤ.አ. በ2014 ክልል ሆና ስትቆም የክልሉ በዓል ብላ አወጀችው። ዋናው ነገር አበባ ነው፣ ስለ ሥጋ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ጫሙንዲ፦
በደቡብ ህንድ ያለችውን ማይሶርንስ? 750 ኪሎ በሚመዝን ባለ ወርቅ ዙፋን ላይ ጫሙንዴሽዋሪን፣ ዱርጋን በሌላ ስሟ፣ ተሸክሞ የሚሄደውን ዝሆን ሳታነሡ ስለ እመቤቲቱ በዓል ታወራላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1610 ጀምሮ የሚከበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መክፈቻውን ያደረጉት ደራሲዋ ባኑ ሙሽታቅ ነበሩ፤ ሙስሊም ናቸውና አይከፍቱም ተብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሄደ፣ ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ውድቅ አደረገው።

ሳር ቤት፦
ጫሙንዲ ሳያስበው ትክክለኛውን በር አንኳኳ። ሥጋ ይዘጋ የሚለውና እገሌ አይግባ የሚለው አብረው ነው የሚሄዱት። ቪሽቫ ሂንዱ ፓሪሻድ የሚባለው የሂንዱ ብሔርተኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 የጋርባ ሜዳ የሚገባው ሰው ሂንዱ መሆኑ ይረጋገጥ፣ መታወቂያ ይታይ ብሎ ነበር። የባሮዳ ምሩቅ፣ አንተ በዚያ ሜዳ ስትዞር ማን ጠየቀህ?

የባሮዳ ምሩቅ፦
ማንም አልጠየቀኝም። ግንባሬ ላይ ቀለም ቀብተው አስገቡኝ፤ ጥንድ በትር ሰጥተው ዳንዲያ ያስተማሩኝ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ድርጅት መግለጫ ይዘህ ጉጃራትን አትክሰስ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ጋርባን ሲመዘግብ ይህን መግለጫ አልመዘገበም።

ሁግሊ ዳር፦
ዩኔስኮ የኮልካታን ዱርጋ ፑጃ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ሁለት ዓመት ቀደምን።

ልበ ሙሉ፦
አሁን ደግሞ በምዝገባ ቁጥር ተሰለፋችሁ። ቀድሞ የተመዘገበው ሥጋ ይብላ?

ሁግሊ ዳር፦
ልበ ሙሉ ይሣቅ እንጂ ቁም ነገር አለው። የእኛ ድንኳን ለሁሉም ክፍት ነው፣ መግቢያ አይጠየቅም። ትልልቆቹ የጋርባ ሜዳዎች ግን በትኬት ነው። ለእናቱ ለመዞር የሚከፍል ሕዝብ ነው ሊያስተምረን የመጣው።

የባሮዳ ምሩቅ፦
በየሠፈሩ ያለ ትኬት የሚዞረውስ? ድንኳናችሁ ነፃ የሆነው ከበሩ እስከ እግሯ ድረስ ማስታወቂያ ስለተለጠፈበት ነው። የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 ለየኮሚቴው 110,000 ሩፒ ድጎማ ሰጥቷል። ነፃ ያልከው ነገር ተከፍሎበታል፤ ከፋዩ ግብር ከፋዩ ነው።

ሳር ቤት፦
ድጎማውንም አልወደድኩትም፣ በዚያ እንስማማለን። የሥጋ ሻጩን ጥያቄ ግን እስካሁን አልመለስክልኝም።

የባሮዳ ምሩቅ፦
መልሻለሁ። ከፍ ብለህ አንብብ።

ሳር ቤት፦
ከፍ ብዬ አነበብኩ። «ማን ይሞታል» ነው የሚለው።