የተገደለ ሰው መሲሕ ሊሆን ይችላል?

ክርክሩን የከፈተው፦
በአይሁድና በክርስቲያን መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ «እነሱ አልተቀበሉትም፣ እኛ ተቀበልነው» ተብሎ ይዘጋል። ይሄ እኔን አያረካኝም። ኢሳይያስን ሁለቱም ያነባሉ። የዳዊትን ተስፋ ሁለቱም ይዘዋል። ታዲያ የት ላይ ነው የተለያዩት? እንደኔ ዋናው ጉዳይ ጥቅስ አይደለም። መሲሑ ሲመጣ ምን ሠርቶ መጨረስ አለበት የሚለው ነው። አይሁዳዊው «ተገደለ፣ እንግዲያው እሱ አይደለም» ይላል። ክርስቲያኑ «የመጣው ሊሞት ነው» ይላል። እዚህ ላይ እንከራከር። ስድብ ግን ይቅር።

ኦሪት አንባቢ፦
እሺ፣ የአይሁድን ወገን እኔ ልያዝ። ነገሩን በግልጽ ያስቀመጠው ራምባም ነው፤ ማይሞኒደስ የሚባለው የ12ኛው መቶ ዘመን ሊቅ። ከዳዊት ቤት አንድ ንጉሥ ይነሣል። ኦሪትን ያጠናል፣ ይጠብቃል፣ ሕዝቡንም ወደ እሷ ይመልሳል። የእግዚአብሔርን ጦርነት ይዋጋል። እዚህ ከደረሰ «መሲሕ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ይገመታል። ገና ግምት ነው። ቤተ መቅደሱን በቦታው ከሠራና የተበተነውን እስራኤል ከሰበሰበ፣ ያኔ በእርግጥ እሱ ነው። ካልተሳካለት ወይም ከተገደለ ግን ተስፋ የተሰጠበት ሰው አይደለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ተአምር አልተጠየቀም። ሙት ማስነሣት አይጠበቅበትም ይላል ራምባም። ሁለተኛ፣ ያልተሳካለት ሰው አታላይ ነው አልተባለም። ሞተው እንዳለፉት ደጋግ የዳዊት ነገሥታት ይቆጠራል፣ በቃ።

ሐዋርያዊ፦
ወንድሜ፣ ይሄ የተጻፈው ኢየሱስ ከተሰቀለ ከ1100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። «ከተገደለ አይደለም» የሚለው ለእኛ መልስ እንዲሆን የገባ አይመስልህም? ነቢዩ ሌላ ነው የሚለው። ኢሳይያስ 53 ላይ «ስለ መተላለፋችን ቆሰለ፣ ስለ በደላችንም ደቀቀ» ይላል። ዳንኤል 9 ላይ ደግሞ መሲሑ ይገደላል ይላል። መከራው የዕቅዱ ክፍል ነው፤ አደጋ አይደለም።

የታሪክ ተማሪ፦
ጥያቄው ከራምባም በጣም ይቀድማል። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ዘመን ትሪፎ ከሚባል አይሁዳዊ ጋር ያደረገውን ክርክር ጽፏል። ጸሐፊው ክርስቲያን ስለሆነ ትሪፎን እንደፈለገ ሊያናግረው ይችላል፣ እሱን እንያዝ። ቢሆንም የትሪፎ ተቃውሞ ጠንካራ ነው። መሲሑ መከራ መቀበሉን እሺ ይላል። የማይዋጥለት መስቀሉ ነው። ዘዳግም 21 በእንጨት ላይ የተሰቀለ የተረገመ ነው ይላላ። ጳውሎስም ገላትያ 3 ላይ ይህንኑ ጥቅስ አንሥቶ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ መሰናክሉ ከመጀመሪያውም ነበር።

እንዲያውም ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ተደናቅፈውበታል። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ሁለቱ ምን አሉ? «እስራኤልን እንዲቤዥ ያለው እርሱ እንደ ሆነ ተስፋ አድርገን ነበር»። ነበር! ሞቱ ተስፋቸውን ጨርሶት ነበር።

ኦሪት አንባቢ፦
እንዳልከው ነው። ዝርዝሩንም ራምባም ከኪሱ አላወጣውም። ኢሳይያስ 2 ሰይፍ ማረሻ ይሆናል ይላል። ኢሳይያስ 11 የተበተኑት ከአራቱ ማዕዘን ይሰበሰባሉ ይላል። ሕዝቅኤል 37 መቅደሱ በመካከላቸው ለዘላለም ይሆናል ይላል። አሁን ታሪክ እንይ። ኢየሱስ ከተሰቀለ በኋላ በ70 ዓ.ም. (ሁሉንም ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናገረው) ቤተ መቅደሱ ፈረሰ። ሕዝቡም ይበልጥ ተበተነ። ማረሻ የሆነ ሰይፍ ደግሞ አላየሁም።

ኢሳይያስ 53ን በተመለከተ፣ ባሪያው ማን እንደሆነ ነቢዩ ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። 41፦8፣ 44፦1፣ 49፦3፤ «እስራኤል ሆይ፣ አንተ ባሪያዬ ነህ»። መከራ የሚቀበለው ሕዝቡ ነው።

ሐዋርያዊ፦
ይሄን ትርጉም ራሺ የሚባለው የአይሁድ መጽሐፍ ተርጓሚ ነው በ11ኛው መቶ ዘመን ያመጣው የሚሉ አሉ። እስኪ ደግሞ 49፦6ን አንብብልኝ። ባሪያው የያዕቆብን ነገዶች ያስነሣል፣ ከእስራኤል የዳኑትን ይመልሳል ይላል። ባሪያው እስራኤል ከሆነ እስራኤልን የሚመልሰው ማን ነው? ራሱን ራሱ?

የታሪክ ተማሪ፦
ስለ ራሺ የሚባለው ልክ አይደለም። ኦሪጀን የሚባለው ክርስቲያን ሊቅ በ3ኛው መቶ ዘመን ኬልሶስ ለሚባል ተቺ በጻፈው መልስ፣ የተከራከራቸው አይሁዳውያን ምዕራፉን ስለ ሕዝቡ እንደሚተረጉሙት ይናገራል። ራሺ ሊወለድ 800 ዓመት ገደማ ሲቀረው ማለት ነው። በሌላ በኩል የዮናታን ታርጉም የሚባለው ጥንታዊ የአራማይክ ትርጉም ባሪያውን «መሲሕ» ይለዋል። ግን መከራውን ከእሱ ላይ አንሥቶ ለሌሎች ያካፍለዋል። መሲሕ ነው፣ ግን አይቆስልም! ነገሩ የቱን ያህል እንዳስቸገራቸው ከዚህ ይታያል።

ሐዋርያዊ፦
ጥሩ፣ ራሺን ተውኩት። 49፦6 ግን አልተመለሰም።

ኦሪት አንባቢ፦
ከሕዝቡ መካከል በታማኝነት የጸናው ጥቂት ወገን የቀረውን ይመልሳል ብለው የሚመልሱ አሉ። ቀላል ጥቅስ ነው አልልህም።

ቁጡው፦
ይሄ ሁሉ ሐተታ ምን ያደርጋል? ልባቸው ስለታወረ ነው። አለቀ።

የታሪክ ተማሪ፦
አላለቀም። ይህ አነጋገር ስንት ሰው እንዳስገደለ ታውቃለህ? በመካከለኛው ዘመን አይሁዳውያን በነገሥታት ፊት ተገደው እንዲከራከሩ ይጠሩ ነበር። በ1263 ባርሴሎና ላይ ናህማኒደስ የሚባለው ረቢ፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና ከተሻገረው ከፓብሎ ክርስቲያኒ ጋር በአራጎን ንጉሥ በቀዳማዊ ሃይሜ ፊት ተከራከረ። ፓብሎ ማስረጃ ያመጣው ከአይሁድ ከራሳቸው ታልሙድ ነው፤ የሊቃውንቶቻቸው የሕግና የትረካ መጽሐፍ። መሲሑ ቤተ መቅደሱ በፈረሰበት ቀን ተወለደ የሚል ትረካ እዚያ አለ። «ስለዚህ መጥቷል» አለ። ናህማኒደስ ትረካ እንደ ሕግ አያስገድደኝም ብሎ መለሰ። ቀጥሎም ዓለም ከኢየሱስ ዘመን ጀምሮ እስካሁን በግፍና በዝርፊያ እንደተሞላች ነው አለ። ይህን የሚለው ጦርነት ሥራው በሆነ ንጉሥ ፊት ነው። ድፍረቱን አስቡት። ንጉሡ 300 የወርቅ ሳንቲም ሸልሞ ሸኘው። ሰውየው የክርክሩን ዘገባ ሲጽፍ ግን ክስ ተነሣበት፣ አገሩንም ለቅቆ ወጣ። የታወረ ሰው ወግ አይመስለኝም።

ክርክሩን የከፈተው፦
ቁጡው፣ ሐሳብ ካለህ ና፣ ስድብ ከሆነ ግን ቦታው እዚህ አይደለም።

ናህማኒደስ ያነሣው ነገር ለእኔ ዋናው ነው። ኦሪት አንባቢም ያነሣው እሱን ነው፦ ሰላሙ የታለ? ሐዋርያዊ፣ መልስህን እንስማ።

ሐዋርያዊ፦
መልሴ ሁለት ምጽአት አለ ነው። ይህን ለመሸሽ የፈጠርነው አይደለም። ሉቃስ 4ን እዩ። ኢየሱስ በናዝሬት ምኩራብ ኢሳይያስ 61ን ያነባል። «የተወደደችውን የጌታን ዓመት» እስከሚለው ያነብና መጽሐፉን ይዘጋዋል። በነቢዩ ዘንድ ግን ዐረፍተ ነገሩ ይቀጥላል፤ «አምላካችንም የሚበቀልበትን ቀን» ይላል። እሱን አላነበበውም። ምሕረቱ አሁን፣ ፍርዱና መንግሥቱ በኋላ። ዘካርያስ 9 በአህያ ላይ የተቀመጠ ትሑት ንጉሥ ያሳያል። ዳንኤል 7 በደመና የሚመጣ የሰው ልጅ ያሳያል። አንድ ሰው ነው፣ ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ደግሞም «ተገደለ» ብላችሁ አታቁሙ። ተነሥቷል። ባንል ኖሮ ከሌሎቹ በምን ይለያል?

ኦሪት አንባቢ፦
ታልሙድም ሁለቱን ሥዕል አይቷል። አንዳንዶች ሁለት መሲሕ አሉ፤ የሚገደለው የዮሴፍ ልጅና የሚነግሠው የዳዊት ልጅ። ሌላ ቦታ ደግሞ ሕዝቡ ከተገባው በደመና፣ ካልተገባው በአህያ ይመጣል ተብሏል። ስለዚህ ሁለት ምጽአት የግድ አይደለም።

ስለ ትንሣኤው አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ። ፒንካስ ላፒደ የሚባል በ20ኛው መቶ ዘመን የኖረ አይሁዳዊ ሊቅ የኢየሱስን ትንሣኤ በእውነት የተፈጸመ ነው ብሎ ተቀብሎ ነበር። ክርስቲያን ግን አልሆነም። ለምን? መነሣት ከመሲሑ ሥራዎች አንዱ አይደለማ። ኤልያስም ኤልሳዕም ሙት አስነሥተዋል፤ የተነሡትን ማንም መሲሕ አላላቸውም።

ሐዋርያዊ፦
እነዚያ ተመልሰው ሞተዋል። እሱ አልሞተም።

ተጠራጣሪ፦
እኔ ከሁለታችሁም አይደለሁም። አንዱ «ይመጣል» ይላል፣ ሌላው «ይመለሳል» ይላል። ሁለቱም ጠባቂ ናቸው። ሲመጣ «የመጀመሪያህ ነው ወይስ ሁለተኛህ?» ብሎ መጠየቅ ነው የሚል የቆየ ቀልድ አለ። እስከዚያ ምን ያጣላል?

ኦሪት አንባቢ፦
ቀልዱ ደስ ይላል፣ ግን ትልቁን ነገር ይሸፍናል። አይሁዳዊው የሚጠብቀው ሰው ነው። ንጉሥ ነው፣ ይከበራል፣ አይመለክም። ራምባም ሚሽና ለሚባለው የአይሁድ የሕግ ስብስብ በጻፈው ማብራሪያ መሲሑ ዕድሜውን ጨርሶ ይሞታል፣ ልጁም ይነግሣል ይላል። ስለዚህ መሞቱ በራሱ ችግር የለውም፤ ሥራውን ጨርሶ ከሆነ። ለክርስቲያን ግን መሲሑ ሥጋ የለበሰ አምላክ ነው። ይሄ እንዴት በቀልድ ይታለፋል?

ሐዋርያዊ፦
በዚህ እስማማለሁ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ ማረሚያ ብቻ፦ እኛ ሰው አምላክ ሆነ አንልም። ቃል ሥጋ ሆነ ነው የምንለው። መዝሙር 110 ላይ ዳዊት «ጌታዬ» የሚለው ማንን ነው?

የታሪክ ተማሪ፦
ተጠራጣሪ፣ አይሁዳውያንም አንድ ዓይነት አይደሉም። በሙት ባሕር አጠገብ የተገኙት ጥንታዊ የኩምራን ጥቅልሎች ከአሮንና ከእስራኤል የሚነሡ ሁለት መሲሖች ይጠብቃሉ። በ1885 ፒትስበርግ ላይ የተሰበሰቡት የተሐድሶ (ሪፎርም) አይሁድ ረቢዎች ደግሞ ተስፋውን የእውነት፣ የፍትሕና የሰላም መንግሥት ሲሉ ገለጹት፤ የዳዊትን ልጅ አላነሡም።

መሲሕ በተባሉት ሌሎች ዕጩዎችም የደረሰው ይታወቃል። ረቢ አኪቫን የሚያህል ሊቅ በሮማውያን ላይ ያመፀውን ባር ኮክባን መሲሕ ብሎ ነበር። አንዱ ባልደረባው «አኪቫ፣ ጉንጭህ ላይ ሣር ይበቅላል፣ የዳዊት ልጅ ግን ገና አይመጣም» አለው። ዐመፁ በ135 ተደመሰሰ። ሰባታይ ዝቪ የሚባል አይሁዳዊ በ1665 መሲሕ ተባለ። በ1666 በኦቶማን ሱልጣን ፊት ሰለመ። ከተከታዮቹ ግን ይህም የሥራው ክፍል ነው ብለው የጸኑ ነበሩ።

ክርክሩን የከፈተው፦
እኔ ሐዋርያዊን አንድ ልጠይቅ። ሐዋርያት ሥራ 1 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ከትንሣኤው በኋላ እንኳ «በዚህ ወራት ለእስራኤል መንግሥትን ትመልሳለህን?» ይላሉ። ዝርዝሩ አሁንም በልባቸው ነው። እሱም «ጥያቄያችሁ ስሕተት ነው» አላላቸውም። ወራቱን ማወቅ የእናንተ አይደለም ነው ያለው። ስለዚህ ዝርዝሩ ልክ ነው፣ አልተሠረዘም ትላለህ?

ሐዋርያዊ፦
አልተሠረዘም እላለሁ። ሁሉ ይታደሳል ብለን እናምናለን። የዘገየውን እንጠብቃለን።

ኦሪት አንባቢ፦
እንግዲያው በዝርዝሩ ላይ እኔና አንተ የምንቀራረብ ይመስላል። «ቢዘገይም ጠብቀው» የሚለው ዕንባቆም የእኔም ነው። አንተ ግን ሥራው ሳይታይ ስሙን ጽፈሃል። እኔ ሥራው ሲያልቅ እጽፋለሁ።

ሐዋርያዊ፦
የአኪቫ መዝገብ ላይም ስም ተጽፎ ነበር እኮ።

ኦሪት አንባቢ፦
ተጽፎ ነበር። ሲገደል ተሠረዘ።