ወንድሜ በቤቱ የሰው ሰገራ በኢኒማ (በፊንጢጣ በሚገባ ፈሳሽ) ሊወስድ ነው፤ ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ እህት ከሜሪላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ አልሰረቲቭ ኮላይተስ (ትልቁ አንጀት የሚቆጣበትና የሚቆስልበት በሽታ) አለበት። ፕሬድኒሶን የተባለ ስቴሮይድና አዛታዮፕሪን ይወስዳል። ሰሞኑን ደም የቀላቀለው ተቅማጥ እንደገና ተነሳበት። ዩቲዩብ አይቶ «የጤነኛ ሰው ሰገራ ብወስድ በሽታ መከላከያዬ ይስተካከላል» ይላል። ለጋሿ ደግሞ እኔ ነኝ አሉ! ነገሩ እውነት አለው?

መልስ፦ ነርሷ
እህቴ፣ እንዳትሰጪው! በ2019 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ አንብቢ። መከላከያቸው የደከመ ሁለት ሰዎች ከአንድ ለጋሽ ሰገራ፣ መድኃኒት የማይበግረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ያዛቸው፤ አንዱ ሞተ። አዛታዮፕሪንም መከላከያን ያዳክማል። አንቺ ምንም ሳያምሽ ተሸክመሽው ልትዞሪ ትችያለሽ።

መልስ፦ የላብራቶሪው ሰው
በነርሷ እስማማለሁ፤ ሐሳቡ ግን ከሜዳ የተነሳ አይደለም። በዚህ በሽታ ቢውታይሬት የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ። ቢውታይሬት የአንጀትን ሽፋን ይመግባል፤ መከላከያውን «በቃ፣ ተረጋጋ» የሚሉትን ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም ያበረታታል። የሌላ ሰው ሰገራ መውሰዱ (የሰገራ ንቅለ ተከላ የሚባለው) እነዚህን ባክቴሪያዎች ለመመለስ ነው። በ2019 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 73 ታማሚዎች ተሳትፈው ነበር። የሌላ ሰው ሰገራ ከወሰዱት 32 ከመቶው ያለ ስቴሮይድ በሽታው በ8 ሳምንት በረደላቸው፤ የራሳቸው ከተመለሰላቸው 9 ከመቶው ብቻ። በ2015 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። እዚያም ቢሆን ለጋሹ ተመርምሮ ነው፤ በኩሽና ብሌንደር ተፈጭቶ አይደለም።

መልስ፦ ፋርማሲስቱ
ከለጋሽ ሰገራ የሚሠሩት መድኃኒቶች ሪባዮታ በ2022፣ ቫውስት በ2023 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ሁለቱም ሲ. ዲፍ በተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ለሚመጣ ተመላላሽ ኢንፌክሽን እንጂ ለኮላይተስ አይደሉም። ወንድምሽ የግድ ከፈለገ በሆስፒታል የሚካሄድ ጥናት ውስጥ ይመዝገብ። ከሁሉ በፊት ግን ሰገራው ለሲ. ዲፍ ይመርመር፤ ሲ. ዲፍ ያገረሸ ኮላይተስ ሊመስል ይችላል።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ
በቅርቡ አገር ቤት መጥቶ ነበር እንዴ? እኛ ጋ ደም ያለው ተቅማጥ ሁሉ አሜባ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሲሆን ግን በስቴሮይድ ይብሳል። ለሐኪሙ ይንገረው።

እህት ከሜሪላንድ
ለገና እዚያው ነበር! ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ እንደውላለን። እስከዚያው ፕሬድኒሶኑን ያቁመው?

ነርሷ
በፍጹም! በድንገት አይቆምም፤ ሐኪሙ ነው ቀስ በቀስ የሚቀንስለት። ደሙ ከበዛ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሆዱ ከተነፋ ግን ነገን አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።