ያለ አቃጅ የቆመ ሥርዓት፦ እድር በየሰፈሩ አንድ መልክ የያዘው እንዴት ነው?

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦
በሕንጻችን አንዲት እናት ባረፉ ጊዜ ድንኳን የሚያመጣና ሣጥን የሚገዛ ሰው ፍለጋ ሌሊቱን በየበሩ ስናንኳኳ አደርን። ከአርባቸው በኋላ እድር ለማቋቋም ተሰበሰብን፤ ከየሰፈሩ የመጣን፣ በቅጡ የማንተዋወቅ ሰዎች ነበርን። ሆኖም ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠን፣ ወርሃዊ መዋጮ ወስነን፣ ከቀብር በሚቀር አባል ላይ ቅጣት ጥለን ስንነሣ፣ ደንባችን አባቴ ከነበሩበት እድር ደንብ ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ያዘዘን አካል ሳይኖር ይህ እንዴት ሆነ?

የቀድሞ የእድር ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከብድር ነው፤ ለቅሶዬን የደረሰልኝን ሰው ለቅሶ ሳልደርስ ብቀር ዓይኑን ማየት ያሳፍረኛል። ሃያ አባወራ ሳለን ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ ሁሉም ስለሚያውቅ መዝገብ አላስፈለገንም። ቁጥራችን ከመቶ ሲያልፍ ግን ይህ መተያየት አልበቃ አለ፤ ስም ጥሪና ቅጣት የመጡት ያን ጊዜ ነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ስም እጠራለሁ፤ «አቤት» ያላለው ሰው ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። ደንቡንም ቢሆን ከወንዝ ማዶ ካለው እድር መዝገብ በእጄ ገልብጬ ነው ያመጣሁት፤ እነርሱም ከሌላ ገልብጠው ነበር። እህል በዓይነት ይዋጣ የሚለው አንቀጽ ግን በመስፈሪያው ስላጨቃጨቀን ሰርዘን በገንዘብ ተካነው። እናንተም እያንዳንዳችሁ ከየወላጆቻችሁ ቤት ይህንኑ ይዛችሁ መጥታችኋል።

የሶሲዮሎጂ ተማሪ፦
በጸሐፊው ሐሳብ እስማማለሁ። ኢኮኖሚስቱ ቶማስ ሼሊንግ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ጥቂቱ ብቻ እንዲመስሏቸው ቢፈልጉ እንኳ፣ በየግል የሚወስኑት ቤት መቀየር ተደማምሮ ማንም ያልተመኘውን፣ ሰው ከመሰሉ ጋር ብቻ ተለይቶ የሚኖርበትን ሰፈር ሊፈጥር እንደሚችል አሳይቷል። እድር ከዚህ የሚለየው አባላቱ የፈጠሩትን አይተው ስለሚያርሙት ነው። ይሁንና መንግሥት ምንም ድርሻ የለውም ለማለት ይከብደኛል፤ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ትርፍ ቤቶቹን የመንግሥት አድርጎ ብዙ ቤተሰቦችን በዝቅተኛ ኪራይ በአንድ ሰፈር ለአሥርት ዓመታት አቆይቷል። ብድር የሚመለሰው ደግሞ ሰው ተቀምጦ ሲቆይ ነው።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦
አሁን ገባኝ። እናቴ አዲሱ እድር ውስጥ ተመዝግባ ሳለ፣ አሁንም በየወሩ ሁለት አውቶቡስ ይዛ የድሮ ሰፈራችን መዋጮ ልትከፍል ትሄዳለች፤ «አባትህን የቀበሩልኝ እነርሱ ናቸው» ትላለች።