የክረምቱ አኒሜ ፕሮግራም፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ለወጣት ማዕከሉ የምናስገባው ፕሮፖዛል እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ኢኑያሻ የሚባለው የጃፓን ካርቱን በድምፅ ተመርጧል፣ እሱ ላይ ተመልሰን አንጨቃጨቅም። የቀረው «ለምን ይሄ ተመረጠ» የሚለው አንቀጽ ነው። እኔ የጻፍኩት «ተወዳጅ የጀብዱ አኒሜ ስለሆነ» ይላል፣ ራሴም ሳነበው እንቅልፍ ወሰደኝ። እስቲ አዋጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከአንቀጹ በፊት ሂሳቡን እንየው ባካችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 የወጣው 167 ክፍል ነው፣ ማጠቃለያው ደሞ በ2009 ጀምሮ በ2010 ያለቀው 26 ክፍል፣ ድምር 193። አንዱን 24 ደቂቃ ብንለው 77 ሰዓት ምናምን ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብናሳይ 39 ቅዳሜ 😂 አዳራሹን የጠየቅነው ለ6 ቀን ነው።

አዲሱ አባል፦ መቁረጡማ ግድ ነው፣ እኔ ከመጀመሪያው 24 ክፍል በተከታታይ እናሳይ ባይ ነኝ። ካጎሜ የምትባለው ተማሪ በ15ኛ ልደቷ ቀን መቶ እግሯ ጭራቅ ጉድጓድ ውስጥ ጎትታት ከቶኪዮ ወደ ድሮው የጦርነት ዘመን ስትገባ፣ 50 ዓመት በቀስት ዛፍ ላይ ተቸንክሮ የተኛውን ግማሽ ሰው ግማሽ ጭራቅ ኢኑያሻን ስትፈታው፣ ከዛ የሺኮን የሚባለው አስማተኛ እንቁ በራሷ ቀስት ብትንትን ብሎ ስብርባሪውን ፍለጋ ሲወጡ፣ ሰው የሚያዘው እዛ ጋ ነው በቃ

ትርጉም ክፍል፦ አይመስለኝም። እንቁው ከቤት ያስወጣቸዋል እንጂ ተመልካች ይዞ አይቆይም፣ እውነቱን እናውራ ካልን ስብርባሪ አገኙ፣ ስብርባሪ ተነጠቁ፣ መሐሉን እኔ ራሴ እየዘለልኩ ነው ያየሁት። እኔን ያስቀረኝ ሰይፉ ነው። የኢኑያሻን ሰይፍ ቴሳይጋን አስቡት፣ አባትየው ከገዛ ክራንቻው ያሠራው፣ ሲያዩት ግን ዝገት የበላው የተሸራረፈ ብረት። ኢኑያሻና ታላቅ ወንድሙ ሴሾማሩ አባታቸው መቃብር ውስጥ ታግለው ታግለው መንቀል አቃታቸው፣ ሰው የሆነችው ካጎሜ ናት እንደ ቀልድ መዘዝ ያደረገችው! ሴሾማሩማ ገና ሲነካው እጁን አቃጠለው። ለምን? ሰው ለመጠበቅ የተሠራ ሰይፍ ነዋ፣ አባትየው ለኢኑያሻ እናት ብሎ፣ እሷ ሰው ነበረች። የሰው ፍቅር የሌለው ያዥ እጅ ላይ አይሠራም።

አዲሱ አባል፦ እሺ ይሄኛው ጥሩ ነው፣ ግን ሲሰበር የነበረውን ረሳሽው

ትርጉም ክፍል፦ ወደሱ እየመጣሁ ነው ቆይ። ጎሺንኪ የሚባለው ጭራቅ በጥርሱ ነክሶ ይሰብረዋል። ቶቶሳይ፣ አንጥረኛው ሽማግሌ፣ የኢኑያሻን የራሱን ክራንቻ ነቅሎ በሱ ይጠግነዋል፣ ከዛ ሰይፉ ሲመለስለት ይከብደዋል፣ ሊያነሳው አቃተው። እስከዛ ድረስ በአባቱ ጥርስ ነበራ የሚዋጋው፣ አሁን ግማሹ የራሱ ሆነ። በዚያ ላይ የአባቱ ክራንቻ ውስጡን ይይዝለት የነበረው የአውሬ ደም ይነሳበታል። እኔ እዛ ጋ ፖዝ አድርጌ ትንሽ ተቀምጫለሁ።

ሰብሳቢ፦ ልጆች እኔ አኒሜውን አላውቀውም፣ ይሄ ግን የውርስ ክርክር ነው እኮ። ታላቅየው ምን ደረሰው?

ጸሐፊ፦ ጋሼ እሱ ነው አስቂኙ፣ ለሴሾማሩ የደረሰው የማይቆርጥ ሰይፍ ነው 😅 ቴንሴይጋ ይባላል፣ ሙት ነው የሚያስነሳው። ሰውን የሚንቀው፣ ጉልበት ጉልበት የሚለው ልጅ! ንዴቱን አስቡት። መጀመሪያ የተጠቀመበት ቆስሎ ወድቆ ምግብ ታመጣለት የነበረችውን ሪን የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ ተኩላ ሲገድላት ነው፣ ከዛ በኋላ ከኋላው ኩስ ኩስ ትላለች።

ሰብሳቢ፦ አባትየው ልጆቹን ያውቃቸዋል። ይሄንን ጻፉት፣ ማዕከሉም ይገባዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ስጋት አለኝ፣ ፖስተሩ ላይ «ግማሽ ጋኔን» ብለን ከጻፍን ግማሹ ወላጅ ልጁን አይልክም።

ትርጉም ክፍል፦ «ዮካይ» ብለን እንተወው፣ ሲጀመር አንድ ደቂቃ እናስረዳለን። የጃፓን ተረት ፍጡሮች ናቸው፣ ቀበሮው፣ ውሻው፣ የቆየ ዕቃ ሳይቀር ዮካይ ይሆናል። እኛስ ጅብ የሚሆነውን ቡዳ በተረት ሰምተን አይደል ያደግነው? እንደውም የሚገርመኝ እኛ ጋ ብረት ቀጥቃጩን ራሱን ቡዳ ነው ይሉት የነበረው፣ እዛ ቶቶሳይን ታላላቆቹ ዮካዮች ሰይፍ ሥራልን እያሉ በሩ ላይ ይመላለሳሉ።

አዲሱ አባል፦ ሰይፍ ሰይፍ ትላላችሁ ግን ባንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚቆርጠው፣ ጎራዴ ነው መባል ያለበት

ጸሐፊ፦ ርዕሱ ላይ ጎራዴ፣ ወሬ ላይ ሰይፍ፣ ጨርሰናል። አንቀጹን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «የሩሚኮ ታካሃሺ ኢኑያሻ የእንቁ ፍለጋ ጉዞ ነው። እኛ ግን በ6 ቅዳሜ፣ በየሳምንቱ 4 ክፍል፣ የሁለቱን ወንድማማቾች ጎራዴዎች ተከትለን እናሳያለን፤ እንዴት እንደተወረሱ፣ ማንን እንዳቃጠሉ፣ እንዴት እንደተሰበሩና በማን ጥርስ እንደተጠገኑ። ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ የ30 ደቂቃ ውይይት ይኖራል።»

አዲሱ አባል፦ እስማማለሁ ግን ክፍል 1 እና 2 ይግቡ፣ ያለነሱ ማንም ምንም አይገባውም። ክፍል 6 እና 7ንም እንዳትነኳቸው፣ ቴሳይጋ የሚወጣበት ነው

ትርጉም ክፍል፦ ይገባሉ። ትርጉሙ ላይ ካጎሜ «ኦሱዋሪ» ስትል ኢኑያሻ በአፍጢሙ የሚደፋበትን «ተቀመጥ» ያላችሁት ሰዎች አስተካክሉ፣ ለውሻ የሚባለው «ቁጭ በል!» ነው፣ ካልሆነ ማንም አይስቅም።

ገንዘብ ያዥ፦ የማሳያ ፈቃዱን ማን እንደሚጠይቅ አልተጻፈም፣ ዳውንሎድ ያደረግነውን አዳራሽ ውስጥ አናሳይም ብለናል። መብራት ቢጠፋስ? ጀነሬተር በጀቱ ውስጥ የለም።

ሰብሳቢ፦ ፈቃዱን እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጀነሬተሩን ካጎትህ ለምን አትለምንም?

ገንዘብ ያዥ፦ ባለፈው ስንመልስለት ነዳጁ ባዶ ነበር ጋሼ። እሺ እሞክራለሁ።