እምቦጭን ጣና ውስጥ የዘራው የውጭ እጅ ነው የሚለው ክስ እንዴት ይመረመራል?

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር መምህር

በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ስለ ጣና ሐይቅ በተነጋገርን ቁጥር ተማሪዎቼ፣ አልፎ አልፎም የሥራ ባልደረቦቼ፣ እምቦጭ የህዳሴውን ግድብ ለማሰናከል በግብፅ እጅ የተዘራ አረም ነው ይላሉ። የሚያቀርቡት ምክንያት ሁለት ነው። የግድቡ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ አረሙ በጣና መኖሩ በይፋ የታወቀውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በተጨማሪም ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለ ተክል ሽቅብ ተንሳፍፎ ሐይቁ ሊደርስ ስለማይችል የግድ ሰው አምጥቶታል ይላሉ። ይህ ሁለተኛው እኔንም ያሳምነኛል። ክሱን በጭፍን መቀበልም በፌዝ ማለፍም አልፈልግም፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጎርጎራ

መምህር፣ ሰው ሳያመጣው አልቀረም በሚለው እስማማለሁ። ችግሩ «ሰው አምጥቶታል» ከሚለው ተነሥቶ «መንግሥት ልኮታል» ወደሚለው በአንድ ጊዜ መዘለሉ ነው። የእምቦጭ የትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ሌሎች አህጉሮች በአብዛኛው የተሰራጨው ሐምራዊ አበባውን የወደዱ ሰዎች ለጌጥ እየወሰዱት ነው። በአገራችንም በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965፣ ግድቡ ከመጀመሩ ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ጣና ለመድረስ ከካይሮ መነሣት አያስፈልገውም፤ ያልጸዳ የዓሣ መረብ ወይም አበባው ያማረው አንድ መንገደኛ ይበቃል። የመገጣጠሙም ነገር ቢሆን፣ አንድ አረም በይፋ የታወቀበት ዓመት የገባበት ዓመት ማለት አይደለም፤ የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያልና።

መልስ፦ ደለል

እኔ ደግሞ ሤራው እውነት ነው ብለን ብናስብ ምን ማየት ይገባን እንደነበር ልጠይቅ። በሱዳን ድንበር ከሚያልፈው የዓባይ ውኃ ከጣና የሚወጣው ከ10 በመቶ በታች ነው፤ የቀረው እንደ በሽሎ፣ ጀማ፣ ዴዴሳና ዳቡስ ያሉ ገባሮች የሚያመጡት ነው። ግድቡን ለመጉዳት ያሰበ ሰው ጣናን መምረጡ እንግዳ ነገር ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው በደቡብ፣ በባሕር ዳር በኩል ሆኖ ሳለ፣ አረሙ በብዛት የተንሰራፋው በሰሜን ምሥራቅ፣ በደንቢያና በፎገራ ዳርቻ ነው። ለዚህ የታወቀ ምክንያት አለ፤ መገጭ ከጎንደር ከተማ ፍሳሽ፣ ርብና ጉማራ ደግሞ ከእርሻ ማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ይዘው የሚገቡት በዚያው ወገን ነው። አረሙን ማንም ያስገባው ማን፣ ይህን ቀለብ ባያገኝ እንዲህ ባልተስፋፋ ነበር፤ ከክሱ ይልቅ መነገር የነበረበት ይህ ይመስለኛል፣ ግን ጎረቤትን መክሰስ የራስን ፍሳሽ ከመመርመር ይቀላል። ግብፅና ሱዳን ራሳቸው በቦዮቻቸውና በወንዞቻቸው ይህንኑ አረም ሲታገሉ የኖሩ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

መልስ፦ ዓባይ ማዶ

በውኃው ላይ የጥቅም ግጭት እንዳለ ዓለም የሚያውቀው ስለሆነ፣ የሚጠረጥረውን ሁሉ ሞኝ ማድረግ አይገባም። ደግሞ ሐሜቱን ለመዝጋት የጣናውንና የግብፁን አረም ዘረ መል አመሳክሮ መለየት አይቻልም?

መልስ፦ ደለል

ዓባይ ማዶ፣ መጠርጠርን አልነቀፍኩም፤ ምክንያት ያለው ወገን መኖሩ ድርጊቱን መፈጸሙን አያሳይም ነው የምለው። ምርመራውም የተመኙትን ያህል አይረዳም። እምቦጭ በአብዛኛው የሚራባው ከእናት ተክሉ በሚቀጠል ችግኝ ስለሆነ፣ ከትውልድ አገሩ ውጭ ያለው በዘረ መሉ እጅግ ተመሳሳይ ነው። የጣናው ከግብፁ ጋር ቢገጥም ከቆቃውም ጋር ሊገጥም ይችላል፤ ውጤቱ እንዲህም ሆነ እንዲያ ሁለቱም ወገን «አላልኩም?» ይላል። ክሱን የሚያጸና ነገር ከተፈለገ መታየት ያለበት የተጻፈ ትእዛዝ፣ አረሙን ያጓጓዘ ሰው ቃል ወይም የጭነት መዝገብ ነው፤ መምህርም ተማሪዎቻቸውን ከእነዚህ አንዱን እንዲያመጡ ቢጠይቋቸው መልካም ነው።